ምስሯና እርጥቡ ጆንያ

ዶክተር ይገዙ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ነው። «ምን አገኛቸው?» ብዬ ስጠይቀው «ብርድ መቷቸው ነው፤ ሳምባ ምች ነው አሉ» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሠላሳ ቀን ሙሉ፣ ያውም በሰኔና በሐምሌ፣ የአሰብ ፀሐይ ላይ ቆመው የዋሉ ሰው በአዲስ አበባ ብርድ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ትስቃለህ ታለቅሳለህ?» አለችኝ።

«ዶክተር ይገዙ አረፉ።»

«ውይ! ባለ ክብሪቱ?» አለችና ደረቷን መታች። አዎ፣ ባለ ክብሪቱ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ አጠገብ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ ጨው የበላውን ሁሉ ፈትቼ ጠርጌ መልሼ እገጥማለሁ። በሳምንቱ ጨው ይበላዋል፤ እኔም መልሼ እፈታለሁ። እንጀራዬን ጨው ነው የሰጠኝ ብል ውሸት የለበትም።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን አንድ ግዙፍ ሰው አስከትሎ መጣ። «ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪ ናቸው። አዲስ የተሠራ የግፊት መለኪያ እዚህ ሊሞክሩ ነው፤ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አሟላላቸው» ብሎኝ ሄደ። ሰውዬው በራችንን ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። ጣታቸው ሙዝ ያህላል። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። እኔ መሣሪያው የተጫነበት መኪና ደጅ ያለ መስሎኝ «እቃውን የሚያወርዱ ልጆች ልጥራ?» አልኳቸው።

«አያስፈልግም፣ ራሴ አወርደዋለሁ» አሉና ከደረት ኪሳቸው አንድ የክብሪት ቤት አወጡ። ከፈቱት። ጥጥ አለ። ጥጡ ላይ አንዲት ጥቁር ፍንጣቂ ነገር ተኝታለች።

«ይቺ ምስር?» አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት ብሎኖች ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ምስር ሆነ፤ እሳቸውም በዚያው ስም ይጠሯት ጀመር።

ነገሯን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ምስሯ ውስጥ ሲሊከን የሚባል፣ ከአሸዋ የሚወጣ ነገር አለ። እሱን ፍቀው ፍቀው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተውታል። አየር ሲጫነው ትንሽ ይጎብጣል፤ መጉበጡን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያውቀዋል። በቃ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የጣሊያን ማኖሜትሮ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ የምግብ ሳህን ያህል ነበር፤ ምስሯ ያንኑ ሥራ ነው የምትሠራው። ሲሊከኑን ያሳሱት ውጭ አገር በተማሩበት ቤተ ሙከራ ነው። ማጣበቁን፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ መቀጠሉን፣ ቤት መሥራቱን ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው በሰጣቸው አንዲት ክፍል ውስጥ በነዚያ ሙዝ በሚያካክሉ ጣቶች ነው የጨረሱት። አሥር ሠርተው ዘጠኙ ተበላሽተዋል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«አንድ ቀን የሷ ታናናሾች ሕፃን ልጅ ደም ሥር ውስጥ ገብተው የደሙን ግፊት ይናገራሉ» አሉን። ይህን ሲሉ የግቢው ዘበኛ ሁመድ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሁመድ የበይሉል አፋር ነው፣ ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ዓሣ አጥማጅ የነበረ።

«ምስር? ደም ሥር ውስጥ?»

«ኢንሻላህ» አሉት ዶክተሩ ኮስተር ብለው። ሁመድ በዚያች ቃል ወደዳቸው። አማርኛው አንቱታ አያውቅም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው፣ አለቃችንን ጨምሮ። እሳቸው ደግሞ «አንተ ዶክቶር» ሲላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ባለ ክብሪት የተባሉበትን ላውራ። ዶክተር ይገዙ ሲጋራ አያጨሱም፤ ምስሯ እስክትገጠም ድረስ ግን በየቀኑ ክብሪት ይገዙ ነበር። የሚፈልጉት ቤቱን ነው። ዛሬ አንዷ ስትላላ ነገ ለምስሯ አዲስ ቤት ይቀይሩላታል። እንጨቱ የሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ወደብተኛው ሁሉ አጫሽ ነው። «ዶክተር፣ ክብሪት ይዘዋል?» ሲሏቸው አንድ ፍሬ እንጨት አውጥተው በትሕትና ይሰጣሉ። «ቤቱስ?» «ቤቱ ሰው አለበት።» ሰውዬው እንጨቱን እንደያዘ ቀርቶ እሳት ፍለጋ ይዞራል። አንድ ቀን አንድ የክሬን ሠራተኛ የደረት ኪሳቸውን አይቶ በወዳጅነት እጁን ሰደድ ቢያደርግ፣ እኚያ ዝሆን የሚያካክሉ ሰው ወደ ኋላ ዘለው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። «ሌባ ነህ እንዴ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው አፈሩና ያገኙትን እንጨት ሁሉ ዘርግፈው ሰጡት።

ሌላው ጉድ የማራገቢያው ነው። ምስሯን መያዣዋ በሆነችው ትንሽ የነሐስ ጉልላት ላይ ሊገጥሟት ሲሉ «ማራገቢያው ይጥፋ» አሉ። አሰብ ላይ ማራገቢያ አጥፉ ማለት ሰውን ትንፋሽህን ያዝ ማለት ነው። ያም አልቀረም፣ «ትንፋሻችሁንም ዋጥ አድርጉ፤ ከነፈሰባት አናገኛትም» አሉን። መስኮት ዘጋን። ሁመድ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ አፍንጫዬን ይዣለሁ። ዶክተሩ የመጥረጊያ ስንደዶ ጫፉን በምራቃቸው አርሰው፣ ምስሯን በሱ አንስተው፣ ያን ሁሉ ሰውነታቸውን ድንጋይ አድርገው አስቀመጧት። ከግንባራቸው ላብ ሊንጠባጠብ ሲል ሁመድ ተስፈንጥሮ በመዳፉ ተቀበለው። ዶክተሩ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «እግዜር ይስጥህ» አሉት።

ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው የመጡበትን ነገር በግልጽ የነገሩኝ። ክፍላቸውን ሊነጥቋቸው ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ክፍሏን ለወንበር ማከማቻ ፈልጓታል።

«ለምን?» አልኩ።

«ለወንበር፣ ተሾመ። ለተሰበረ ወንበር! ላልተሰበረውማ ምን ማከማቻ ያስፈልገዋል?» አሉና ሻያቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ኮሚቴው አንድ ዕድል ሰጥቷቸዋል። ምስሯ ከአገሪቱ ክፉ በተባለው አየር፣ በሙቀቱና በጨው፣ ሠላሳ ቀን ሳታቋርጥ ከሠራች ክፍሏ ትቀራለች። ከሞተች ወንበሮቹ ይገባሉ።

ግቢያችን መሐል ጥላ የማያውቅ የብረት ምሰሶ አለ፤ የታመቀ አየር የሚሄድበት ቱቦ በሱ ላይ ያልፋል። ምስሯን እዚያ አሰርናት፣ ቱቦው ላይ ካለው ሌላ ማኖሜትሮ ጎን። ከሷ የሚመጣውን ሽቦ እኔ ክፍል ካለው መዝጋቢ ጋር አገናኘነው። መዝጋቢው ቀን ከሌት ቀስ እያለ በሚዞር የወረቀት ጥቅል ላይ በብዕር መስመር የሚያሰምር ማሽን ነው። የአየሩ ግፊት ሁልጊዜ አንድ ነው። ምስሯን የሚያወዛውዛት ሙቀት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ መስመሯ ይወጣል፣ ስትገባ ይወርዳል። ዶክተሩ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚያሳስታት ለክተው ስህተቷን ሊያርሙ ነው አሰብ ድረስ የመጡት። ስለሷ ስንጨቃጨቅ «እሷን ጠይቋት» ይሉና ወደ ወረቀቱ ይጠቁሙናል። ክርክሩ በዚያው ያልቃል።

በአምስተኛው ቀን ለተማሪዎቻቸው ፈተና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሊሄዱ ሲሉ ሁመድንና እኔን ምሰሶው ስር አቆሙን።

«ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አደራችሁን» አሉን።  እኔ «ምን በወጣዎ፣ እንደ ዓይናችን ነው የምንጠብቃት» አልኩ። ሁመድ ደረቱን መታ።

ጥፋታችን እዚህ ላይ ይጀምራል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በመስኮቴ ሳይ ሁመድ ምሰሶው ስር ቆሞ ሽቅብ ያያታል። ወጥቼ «ምነው?» አልኩት።

«ተሾመ፣ ይቺ ትሞታለች። ነካኋት፤ እጄን ፈጀችኝ። የሰው አደራ ነው።»

አሰብ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነው። ሁመድ የራሱን ጀሪካን ጆንያ ፈትቶ ይዟል። ሐቁን ልናገር፣ ሐሳቡ የሱ ነው፤ «ይሄ ይሸታል፣ ቆይ» ብዬ ንጹሕ የሩዝ ጆንያ አምጥቼ፣ ነክሬ፣ ጨምቄ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። መለኪያ ጠጋኙ! አሥር ዓመት የሠራሁት ሰውዬ! ሙከራው ትኑር አትኑር ነው ብዬ ነበር የያዝኩት፤ እንድትኖር ማገዝ ዶክተሩን ማገዝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁመድ ጆንያውን ያለብሳታል፣ ሲበርድ ያነሳላታል። «እስቲ ተንፍሺ» ይላታል ደግሞ። ቁራዎቹ ሳይቀሩ የጆንያው ጥላ ስር ይመጡ ነበር፤ በድንጋይ ያባርርላታል።

በሃያ አራተኛው ቀን ዶክተር ይገዙ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ማኖሜትሮውን አዩ፣ ምስሯን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ፣ «አለች!» ብለው እኔን አቅፈው ከመሬት አነሱኝ። ከዚያ ጥቅሉን ወለሉ ላይ ዘረጉትና በጉልበታቸው እየሄዱ ማንበብ ያዙ።  እርሳስ ከጆሯቸው አወጡ። መስመሯ በየቀኑ ኮረብታ ትሠራለች፤ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ኮረብታ አናቱ ላይ ተነክሷል። በእያንዳንዱ ንክሻ ጎን በእርሳስ አንዲት ቃል ይጽፋሉ፦ «ማነው?» ቀጥለው ይሄዳሉ፤ «ማነው?» አሥራ ስምንት ጊዜ። የወረቀቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እኔ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

«ተሾመ» አሉኝ ከወለሉ ሳይነሱ፣ «እኔ ከሄድኩ ማግስት ጀምሮ አንድ ነገር በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምስሯን ያቀዘቅዛታል።»

«ከባሕር የሚመጣ ንፋስ ይሆናል» አልኩ።

«እኔም ንፋስ ብዬ ነበር። ግን ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ይዘገያል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጁምዓ የሚሰግድ ንፋስ አይቼ አላውቅም። አንተስ?»

ሁመድ በሩ ላይ ነበር። «ዶክቶር፣ እኔ ነኝ» አለ ወዲያው። «አደራ አልከን። በፀሐይ እንተዋት?» እኔም ጆንያውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘረጉ። «ይቺ ምስር» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሰው ጸሎት ሰዓት ሳይቀር ይዛለች። እንዲህ ያለችን ጎበዝ አስወጥተው ነው እንግዲህ ወንበር ሊያስገቡ የነበረው።» ሳቃቸው ጀመረና መሐል ላይ ቆመ። ምን እንደጠፋ ገብቷቸዋል። የሃያ አራቱን ቀን ሥራ ጆንያው በልቶታል።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ቶሎ አሰብኩ። «ዶክተር፣ የቀረው ስድስት ቀን ነው። ምስሯ በሕይወት አለች። ኮሚቴው የሚፈልገው ያን ነው። ማን ያውቃል?»

«እሷ ታውቃለች» አሉ ወረቀቱን እያሳዩኝ።

ፍርሃቴ ለሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ያኔ የመንግሥት ሥራ የነካ ሰው «አሻጥረኛ» ይባላል፣ እንዲያ የተባለ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። ሙከራው ለምን እንደገና እንደሚጀመር በጽሑፍ መገለጽ አለበት። እውነቱ ከተጻፈ የሁመድና የኔ ስም ይገባል። እውነቱ ካልተጻፈ ክፍሏ በውሸት ትተርፋለች። ዶክተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን ሲነክሱ ቆዩ። ሁመድ ሚስቱንና አምስት ልጆቹን በአፋርኛ እየቆጠረ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ጻፉና አስነበቡኝ፦

«ሙከራው ከአንደኛው ቀን እንደገና ይጀመራል። ምክንያቱ የተመራማሪው ስህተት ነው። መሣሪያዋን ለሰዎች ስሰጥ አደራ አልኩ። አደራ የተባለ ነገር ፀሐይ ላይ እንደማይተው ማወቅ ነበረብኝ። ሠላሳ ቀን ይጨመርልኝ።»

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጥፋተኛው እርስዎ ራስዎ ነዎት ማለት ነው?» አላቸው።

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«ሂስዎን ውጠዋል» አለና ማኅተም መታበት። በሳምንቱ ከኮሚቴው ቴሌግራም መጣ፦ «ሠላሳ ቀን ተፈቅዷል። የማረፊያ ወጪ አልተፈቀደም። ወንበሮቹ እየጠበቁ ነው።»

ስለዚህ እኛ ቤት መጡ። ባለቤቴ ከበፊቱ የተረፈውን የክብሪት እንጨት ከሱሪ ኪሳቸው ሳታወጣ አጥባው፣ ሱሪው ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። እንዲያው በነጠብጣቡ ሥራ ሄዱ።

ሁለተኛው ዙር ሰኔና ሐምሌ ላይ ዋለ። አሰብን በሰኔ ለማያውቅ ሰው አልነግረውም፤ አያምነኝም። ምስሯ ራቁቷን ምሰሶው ላይ ናት። ሁመድ መንካት ተከልክሏል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀርባውን ይሰጣታል፤ ማየት አልቻለም። ዶክተሩ ደግሞ እሷን ብቻዋን አልተውም ብለው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምሰሶው ስር ቆመው ማኖሜትሮውን ያነባሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን አዙሯቸው ምሰሶውን ጨበጡ። ሁመድ ሮጦ ሄደ። የሩዝ ጆንያውን ነክሮ መጣና አናታቸው ላይ ከነትከሻቸው አለበሳቸው።

«ሁመድ! ተከልክለሃል እኮ!» አሉ ከጆንያው ውስጥ።

«የተከለከልኩት ምስሯን ነው። አንተን ማን ከለከለኝ?»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ጆንያ ለብሰው ቆሙ፤ ዓርብ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ። ከወደቡ ሰው እየመጣ ያያቸው ነበር። የወረቀቱ ኮረብታ ግን አንድም ቦታ አልተነከሰም።

ሠላሳኛው ቀን ዓርብ ዋለ። ስድስት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ወረቀቱ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩና «ሞላ!» ብዬ ጮኽኩ። ሁመድ እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ እሱ ወደ መስጊድ ሄደ። ዶክተሩ እኔን «አንተ ምሳህን ብላ፤ እኔ እቃዬን ልሰብስብ» አሉኝ። ስመለስ ጥቅሉ ተጠቅልሎ፣ ምስሯ ክብሪት ቤቷ ውስጥ ገብታ ጠበቁኝ። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ክርን ርሷል። የታጠቡ መሰለኝ። ሁመድ ከስግደት መጥቶ እጅጌያቸውን አየ፣ ጀሪካኑን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ። በማግስቱ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በደብዳቤ እንጂ በአካል አልተገናኘንም። እኛ ከአሰብ ወጣን፤ ሁመድ አገሩ ነው፣ ቀረ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ወንበር በወንበር ነው፤ «ዶክተር፣ ገቡልዎት» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ታናሽ እህታቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ክፍሏ እንዳልተነጠቀች ከደብዳቤያቸው አውቅ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው እንዳስተማሩባት ግን እህታቸው ነገሩኝ። «ተሾመ የምትባል አንተ ነህ?» አሉና ከቁም ሳጥን አንድ ካርቶን አምጥተው ሰጡኝ። ላዩ ላይ «ለተሾመና ለሁመድ» ይላል። ውስጡ ሁለት የወረቀት ጥቅል ነበር።

የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ስምንት «ማነው?» አለበት። ሁለተኛውን ቤቴ ወስጄ ወለል ላይ ዘረጋሁት፣ እንደሳቸው በጉልበቴ እየሄድኩ አነበብኩት። ሠላሳ ንጹሕ ኮረብታ። ያሰመርኩት ቀይ መስመር ደብዝዟል እንጂ አለ። መዝጋቢው ከሱ በኋላ አልጠፋም ነበር፤ ብዕሯ ቀጥላ ሄዳለች። ከቀዩ መስመር ትንሽ እንዳለፈ፣ ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮረብታው አናቱ ላይ ተነክሷል። ንክሻው ጎን በዚያው እርሳስ ተጽፏል፦

«እኔ ነኝ።»